የጨው ቢጫ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከነበልባል ፊት፣
ብርጭቆ ስነፋ ቀንና ሌሊት፣
አንድ ነገር አየሁ፣ ሳልጠይቀው ቀረሁ፤
ሲቀልጥ ይበጫል፤ ለምን? አላወቅሁ።
ሰማያዊው እሳት ከጋዙ ሲመጣ፣
ብርጭቆው ሲነካው ቢጫ ምላስ አወጣ።
“ጨው ነው” አለኝ አለቃዬ፣ ያስተማረኝ ሙያ፣
“የሶዳው ጨው ነው፤ አትለፍ ከዚያ ወዲያ፤
ኢኖክ፣ ብዙ ስትጠይቅ እጅህ ይቃጠላል።”
እኔም አልጠየቅሁም። እጅ ግን ያስባል።

ሰኞም ያው ቢጫ ነው፣ ቅዳሜም ያው ቢጫ፤
አይቀላ፣ አይነጣ፣ የለው መለወጫ።
ንጉሥ ሞቶ ነገሠ፣ ትራሙ ኤሌክትሪክ ሆነ፤
የጨው ቀለም ብቻ በቃሉ የታመነ።

ከላይኛው ፎቅ ላይ፣ ሃያ ስምንት ደረጃ፣
(ቁጥሩን ከተጠራጠርህ ጉልበቴ ነው ማስረጃ)
ሚስ ሂልዳ ራምስቦተም፣ በጨለማው ክፍል፣
የብርሃን መስመር ስትለካ ትውል።
የነፋሁላትን ቀጭን ቱቦ ሞልታ
በሃይድሮጂን ጋዝ፣ በኤሌክትሪክ አብርታ፣
“ተመልከት” አለችኝ። ከፕሪዝሙ ባሻገር
ቀይ ቆሞ አየሁ፣ ብቻውን እንደ በር፤
ከዚያ ጨለማ ነው፤ አንድ ውሃ አረንጓዴ፤
ከዚያ ጨለማ ነው፤ ሐምራዊው ደብዛዛ፣ የሚታይ አንዳንዴ።
“መሃሉስ?” አልኋት። “መሃሉ ባዶ ነው።”
“ማን ወሰደው?” አልኋት። “ጥያቄው ይኸው ነው።”

ጠመኔ አንሥታ ሣለች በሰሌዳ፦
“መሃል ላይ አስኳል አለ፣ ከባድ እንደ ዕዳ፤
ዙሪያውን ኤሌክትሮን፣ ቀላል፣ እየሮጠ፤
በድሮው ሕግ ቢሆን፣ ብርሃን እየሰጠ፣
ጉልበቱን ጨርሶ ወደ መሃል ወድቆ፣
ዐይን ጨፍነህ ሳትገልጥ፣ ባበቃ ዓለም አልቆ።
እኔም፣ አንተም፣ ወንበሩም።”
ወንበሩን ነካሁት።
ነበር።

“ታዲያ ማን ያዘው?”
“ከባሕር ማዶ የመጣ ጽሑፍ አለ ዘንድሮ።
መንገዱ የተቆጠረ ነው ይላል፤ እንደ ደረጃህ።
እዚህ መቆም ይቻላል፤ እዚያም ይቻላል፤
በሁለቱ መካከል መቆሚያ የለም።
ሲወርድ ብርሃን ይተፋል፣ የወረደውን ያህል፣
ከዚያ አይበልጥ፣ ከዚያ አይጎድል።”

“ሳይዘል እንዴት ያውቃል ማረፊያ ቦታውን?
ማንስ ነገረው” አልሁ፣ “የብርሃን ሒሳቡን?”
ዝም አለች።
ጠመኔ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ቤት ገብቼ ለኬዚያ ነገርኋት በከንፈር።
(ጆሮዋን ፋብሪካው ወሰደው፣ አርባ ዓመት ከጥጥ ጋር፤
ሸማኔዎቹ እዚያ በከንፈር ነው ሚያወጉ፤
ማሽን እያገሳ በድምፅ ምን ሊያደርጉ?)
ጣቴን በጠረጴዛው ላይ ከዚህ ወዲያ አዘለልሁ፤
“መሃሉን አይረግጥም፤ አይታይም” አልሁ።
ጉድ ትላለች ብዬ ነበር። ሳቀች።
“መወርወሪያ ነዋ!” አለች።
“በግራ አለ፤ በቀኝ አለ፤
መሃሉን ማን አየው? እኔ አርባ ዓመት አላየሁም።
ጨርቁ ግን ይኸው፣ ድርና ማግ ሆኖ፣
ለብሰኸው ተቀምጠሃል፣ ባንገትህ ተከድኖ።”

ልከራከር ነበር፤ መወርወሪያ እኮ
መሃሉን ያልፋል፣ ፈጥኖ ነው እንጂ፤
ሚስ ሂልዳ ያለችው ግን . . .
ተውሁት። ሾርባው ቀዝቅዟል።

ከዓመታት በኋላ ደብዳቤ መጣልኝ፤
ሚስ ሂልዳ ከሊድስ እንዲህ ጻፈችልኝ፦
“ኢኖክ፣ ያ ደረጃ፣ ያ ክብ መንገዱ፣
ልክ አይደለም ዛሬ፣ ሊቃውንት ሲፈርዱ፤
መንገድ የለም አሉ፤ ዙረት የለም አሉ፤
ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል፣ እንደጸና ቃሉ።”
አላዘንሁም እኔ። የእንጨት ቅርጹ ይነዳል
በጋለው ብርጭቆ፤ ጠርሙሱ ግን ይወጣል።

አሁን ደረጃ አልወጣም።
ማታ ማታ ድስቱ ገንፍሎ
ጨዋማው ጠብታ ከጋዙ እሳት ሲወድቅ
ያ ቢጫ ብልጭ ይላል፤ ያው፣ የድሮው።
“አየሽው?” አልሁ ትናንት።
ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ ከንፈሬን አላየችም።
ድስቱ እንደገና እስኪገነፍል ጠበቅሁ።